ሳቋን አራት ብሎ የሰማ ሳጥን

ሊፍቴ እርግብ አይወድም። ሌላ ሰው እርግብ ሲያይ ሰላም፣ የዋህነት፣ ምናምን ይታየዋል፤ ለእሱ የሚታየው ኩሷ ብቻ ነው። ቆሻሻ ፈሪ ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን የፈጀው በሕንፃዎች ሆድ ውስጥ፣ በሊፍት ጉድጓድ፣ የብረት ገመድ ሲፈትሽና ግራሶ ሲጠርግ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። ግራሶ ግን እንደ እሱ አባባል ጨዋ ቆሻሻ ነው። ሥራ ሠርቶ የጠቆረ ነው፣ በጋዝ ሲያሹት ይለቃል። ኩስ ሥራ ፈትቶ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ ደግሞ ያንገሸግሸዋል።

እርግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰድቧት፣ ኮፍያውን ደፍቶ ያልፍ ነበር። አንድ ዓመት ላይ ያንገሸገሹት ግን ክንፍ የሌላቸው ባለ ሁለት እግሮች ናቸው።

ሊፍቴ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አባል ነው። ነርስ አለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ መነጽር ሻጭ አለ፤ ሙያቸውም ጠባያቸውም ለየቅል ሆኖ የሚያገናኛቸው ማታ ማታ በአየር ላይ ተጠራርተው ማውራታቸው ነው። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ብቻውን ከሰፈር አይዘልም። ስለዚህ ክበቡ ሪፒተር አለው፤ ደካማውን ድምፅ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ለከተማው ሁሉ መልሶ የሚናገር ማሽን ነው። የተተከለው ከተዘጋ በቆየ የዱቄት ፋብሪካ አናት ላይ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏን ክበቡና እርግቦቹ በጋራ ይኖሩባታል። የሚያጸዳት የለም።

ከማሽኑ ጎን አንድ ሳጥን ተቀምጧል፤ ጆሮ ያለው ሳጥን። በሬዲዮው ላይ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ሲነኩ እንደ ስልክ ቁልፍ ጢጥ ይላሉ፤ ያቺ ጢጥታ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ድምፅ ተደርበው የሚሰጧት ናት። ሳጥኑ የሰውን ወሬ ሁሉ ያዳምጣል። ወሬው መሀል ያንን ድርብ ድምፅ ሲያገኝ ትእዛዝ መጣልኝ ይላል፤ ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዝጋ ሲሉት ማሽኑን ያጠፋል። ታዛዥ ነው። ታዛዥ ግን ያልተባለውን የሰማ ዕለት ቤት ያፈርሳል።

የክበቡ ስም ጠሪ የሊፍቴ ታላቅ እህት ነበረች። እሱ እታለም ይላታል፤ ክበቡም ከእሱ ሰምቶ እታለም ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ትንንሽ ልጆች አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ ቤቷ የማትወርድ ሴት ናት። ሕንፃው ሊፍት የለውም። የአገሩን ሰው ሁሉ ያወጣል ያወርዳል፣ እኔን ግን ሰቅሎኝ ቀረ እያለች በወንድሟ ታላግጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ርቀዋል፣ ጎረቤቶቿ ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። ያቺ መደርደሪያዋ ላይ የምትቀመጥ ሬዲዮ መንገዷም፣ ገበያዋም፣ ጎረቤቷም ነበረች።

ማታ ማታ አባላቱን በየተራ ትጠራለች። ያመመውን ትጠይቃለች፣ ዝምተኛውን ጎትታ ታናግራለች፣ ለፍላፊውን በዘዴ ታሳጥረዋለች። ሹፌሩ ከአውቶቡሱ አንዳንድ ቀልድ ለቅሞ ይመጣል፤ እሷ ትስቃለች። ሳቋ ከላይ በቀጭኑ ይነሳና ከሥሩ ወፍራም ነገር ይንከባለልበታል። ቀልዱ ያመለጠው ሰው እንኳ ሳቋን ሰምቶ ይስቃል። ግማሹ ሰው ሬዲዮውን የሚከፍተው ለዚያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ሰሞን ታዲያ እሷ ስትስቅ ማሽኑ ይሞት ጀመር።

መጀመሪያ መጫወቻ አደረጉት። ገደለችው ይላሉ። የክበቡ ሰብሳቢ መነጽር ሻጩ ነው፤ እሱ ከሱቁ ሆኖ ቁጥር ነክቶ ማሽኑን ያስነሳዋል። እስቲ ድገሚው ይሏታል፤ የዋህ ናትና ትደግምላቸዋለች፣ ማሽኑም ይደግማል። እየቆየ ጨዋታው ኮመጠጠ። ሰብሳቢው ንግግር የሚወድ ሰው ነው። አንድ ማታ ስለ ክበቡ አመሠራረት ረዥም ነገር ጀምሮ ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል፣ ሹፌሩ በመሀል አንድ ቃል ጣል አደረገ፣ እታለም ሳቀች፣ ማሽኑ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው በማግስቱ ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው በመነጽር ቤቱ ጓዳ ነበር። ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደሎች ተለጥፈዋል፤ በየመሳቢያው መስታወት ያልገባላቸው ክፈፎች ባዶ ዓይናቸውን አፍጠዋል። ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። አንዱ ሬዲዮዋ ነው አለ፤ ነርሷ ግን የራሷን ሬዲዮ አውሳት ያኔም ማሽኑ ስለሞተ ያ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሌላው ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ትለጥፈዋለች አለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው አንዱን መነጽር በጨርቅ እየወለወለ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያፏጭ ሰምቶ እንደሚያውቅ ተናገረና የእሷ ጥርስ የራሷ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ሰዉ ሳቀ። እዚያ ጓዳ ውስጥ የሳቀ ሰው ማሽን አልገደለም።

እታለም እስከ ዛሬ አንድ ጥርስ አልወለቀባትም። ሊፍቴ ይህን ያውቃል። ሰብሳቢውን መቃወም ነገር ያረዝማል ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ሳጥኑን ወጥቼ ልየው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ማሽኑን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሊፍቴ ራሱ እንኳ። መሰላሉ ረጅም ነው፣ ክፍሏ ትሸታለች። አንዲት ሴት ዝም ለማሰኘት ግን መሰላል አያስፈልግም። ስለዚህ እታለም ስም መጥራቱን እንድትተው፣ ነገሩ እስኪጣራም በአየር ላይ እንዳትናገር ተወሰነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። መልእክቱን የሚያደርሰውም፣ ቤተሰብ ነውና፣ ሊፍቴ እንዲሆን ተደረገ።

ሙዝ ገዝቶ ሄደ። የሚያሳፍር ነገር ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ለጊዜው ነው አላት፣ ማሽኑ አርጅቷል አላት፣ ማንም ክፉ አላሰበም አላት። እታለም አንዱን ሙዝ ላጠችና ሳትበላው ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ነው የወሰነው?»

«ክበቡ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ሊፍቴ የተላጠውን ሙዝ አየ። «ምን እላለሁ፣ እታለም?»

«እሺ ብላለች በላቸው» አለችው። ሊፍቴ ደረጃውን ሲወርድ ምላሱ ላይ አንድ ነገር የተጸዳዳበት ያህል አፉን ያቅለሸልሸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስም መጥራቱን ሰብሳቢው ራሱ ያዘው። እሱ ሲጠራ አባላቱ አለሁ ይላሉ፣ ያልቃል። ሹፌሩ ቀልድ ማምጣቱን ተወ። ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ዋለ፤ ሰብሳቢውም አላልኳችሁም ነበር ወይ እያለ ደረቱን ነፋ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ሊፍቴ እህቱ ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግን ሄደ። እሷ ከጎኑ ቆማ ኩባያ ታጥባለች፤ ሬዲዮዋ መደርደሪያው ላይ ተከፍታለች። እንድትሰማ አልተከለከለችማ። ሰብሳቢው ስለ መጪው ዓመት ዕቅድ እየተናገረ ነበር። መሀል ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደ ሽማግሌ ዳኛ፣ ረዘም አድርጎ። ማሽኑ ጸጥ አለ።

ሊፍቴ መፍቻውን እንደያዘ ቀጥ አለ። እታለም እጇ አረፋ እንደሆነ ወደ ሬዲዮዋ ዞረች። ትንሽ ቆይቶ ሰብሳቢው ማሽኑን አስነሣና ተመለሰ። ድምፁ ተቆጥቷል። ማን እንደሆነች አውቃለሁ አለ፤ ቂም ይዛ ቤቷ ሆና ቁልፍ እየነካች ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ከአባልነት እንድትሰረዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአንድም ሰው ለምን የሚል አልተሰማም።

እታለም እጇን በፎጣ አደረቀች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ድምፁን ቀነሰችው። «ኩባያዎቹ እዚያ ጋ ይድረቁ» አለች፤ ሄዳም ተቀመጠች። ሊፍቴ ጆሮውን አላመነም ማለት አይቻልም፤ አምኗል። ያስጠላው ማመኑ ነው። እጇ አረፋ ውስጥ፣ አፏም ዝግ እንደነበር በዓይኑ አይቷል፤ እነዚያ ሰዎች ግን እሷን እንደሚከሱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያውቀው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መሰላሉን ወጣ።

የክፍሏ በር ሲከፈት ሽታው እንደ ጥፊ ፊቱን መታው። ወለሉ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ ጠጥሯል፤ ጥግ ላይ የሞተች እርግብ ላባዋ ብቻ ቀርቷል፤ በማሽኑ ክዳን ላይ የሞቀ ቦታ ስለሆነ ጎጆ ሠርተዋል። ሊፍቴ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ፣ እርግቦቹንም ክበቡንም ባንድነት እየረገመ ተንበረከከ። መጀመሪያ ማሽኑን ለከተማው እንዳይናገር አጠፋውና የሚሰማውን ክፍል ብቻ ተወው። ሳጥኑ ፊት ላይ የሰማውን ቁጥር በቀይ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። ከዚያ እህቱ ጋ ደወለ። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ሬዲዮዋን ይዛ፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭና እንድትናገር ለመናት።

ተናገረች። ማንም አልሰማትም፤ የሚሰማት ሳጥኑና ወንድሟ ብቻ ናቸው። ስም ጠራች፣ ቆጠረች፣ ስለ አየሩ አወራች። መስኮቷ ጨለማ ናት።

«አሁን ሳቂልኝ» አላት።

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ። ያን ጊዜ አትሳቂ ልትለኝ ሦስት ፎቅ ወጣህ። ዛሬ ደግሞ ሳቂ ትለኛለህ። ሊፍት መሰልኩህ እንዴ፣ ስትጫነኝ የምወጣ ስትጫነኝ የምወርድ?»

ሊፍቴ መሐረቡን ከአፉ ዝቅ አደረገ። እውነቷን ነው። አፉን ከፍቶ ይቅርታ ሊል ቀና አለ፤ ከአግዳሚው ብረት ላይ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም እርግብ ያን ጊዜ አደረገችው። ግንባሩ ላይ አርፎ በቅንድቡ ወደ መሐረቡ ወረደ። ሊፍቴ የተናገረው እዚህ አይጻፍም። እህቱ ደንግጣ ምን ሆንክ አለችው።

«ተጸዳዳችብኝ! ፊቴ ላይ! ገና ይቅርታ ልጠይቅሽ ስል!»

ያ ሳቅ መጣ። ከላይ በቀጭኑ ተነሣ፣ ከሥሩ ያ ወፍራም ነገር ተንከባለለ፣ አላቆም አለ። የሳጥኑ መስኮት በቀይ በራች። አራት። እንደገና አራት። ሊፍቴ ፊቱን ሳይጠርግ አፍጥጦ ቀረ። ሳቋ ውስጥ ወፍራሙና ቀጭኑ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ሳጥኑ ያን ሰምቶ አራት ተነካ ብሏል።

ይህ ግን ከስንት ዓመት ጀምሮ የምትስቀው ሳቅ ነው። ታዲያ ሳጥኑ ዛሬ ምን ነካው? ክዳኑን ከፈተ። ክበቡ አንድ ልማድ አለው፤ የሳጥኑ ጆሮ ምን ያህል ይከፈት የሚለውን የምትወስን ትንሽ ብሎን አለች፣ አንዴ ከተስተካከለች በኋላ ማንም እንዳይነካት የጥፍር ቀለም ይንጠባጠብባታል። ሊፍቴ ራሱ ነበር ከሚስቱ ተውሶ ያንጠባጠበው። ቀለሙ ተሰንጥቋል። ብሎኗ እስከ መጨረሻው ዞራለች፤ እንዲህ ለተከፈተ ጆሮ ሳቅም ጉሮሮ መጥረግም ቁልፍ ይመስለዋል። ማሽኑን ለመዝጋት አራት አሃዝ የነበረው ትእዛዝም ወደ አንድ አሃዝ አጥሯል፤ እሱም አራት ነው። የክፍሏ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው፤ አንዱ እሱ ነው።

ለሰብሳቢው ደወለ። ሰብሳቢው ዓይኑን በጨው ታጥቦ አልካደም፤ ቢክድ ይሻል ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ምን አለበት?» አለ። «የመኪናዬ ሬዲዮ ቁልፎቹ ደከም ብለው ሳጥኑ አልሰማ ቢለኝ፣ ጆሮውን ትንሽ ከፈት አደረግሁለት። ቁጥሩንም አሳጠርኩት፤ እየነዳሁ አራት አሃዝ ማን ያስታውሳል?»

«መቼ ነው?»

«እንጃ፣ ከዚያ ነገር ቀደም ብሎ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ሰብሳቢው።

ሊፍቴ ስልኩን ዘጋ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ደርቆ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከዚያ ክፍል ውስጥ ንጹሑ ነገር ያ ኩስ መሰለው። አንድ ሰው ለራሱ ምቾት ሳጥኑን ያልተባለ እንዲሰማ አደረገው፤ ከዚያም የሳጥኑን ስሕተት በአንዲት ሴት ጥርስ ላይ ለጠፈ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ጣሪያ አየ።

ብሎኗን መለሳት። በራሱ ሬዲዮ ቁልፎቹን እየነካ ሳጥኑ መስማት እስኪያቅተው ድረስ ጆሮውን ዘጋ፣ ከዚያ መልሶ ጥቂት ከፈተለት፤ ቁልፍ ለመስማት የሚበቃውን ያህል፣ ከዚያ አያልፍም። ትእዛዙን ወደ አራት አሃዙ መለሰው። ለቅጽበት ተሰምታ የምታልፍ ድምፅ እንዳትቆጠርም አደረገ። መልሶ እታለም ጋ ደወለ፤ የመናገሪያውን ቁልፍ ስትጫን የእርግቧን ነገር አስታወሳትና እንደገና ሳቀች። የሳጥኑ መስኮት ጨለማ እንደሆነች ቀረች። ብሎኗ ላይ አዲስ የጥፍር ቀለም አንጠባጥቦ፣ ማሽኑን መልሶ አስነሥቶ ወረደ።

ቅዳሜ የተባለው ስብሰባ አልተደረገም። በምትኩ ሰብሳቢው ማታ በአየር ላይ ቀርቦ ቴክኒካዊ ችግሩ መፈታቱን አበሠረ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ክበቡ ለእህታችን ይቅርታ አድርጎላታል፣ ከዛሬ ጀምሮ ስም እንድትጠራ ፈቅዶላታል አለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ ይቅርታም እንደሚያደርግ ሊፍቴ ያን ማታ ነው ያወቀው። ቁልፉን ተጫነ።

«ይቅርታ የሚጠየቀው እሷ ናት» አለ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማ። «ሳጥኑን ያበላሹት እርስዎ ነዎት። አውቀው ዝም አሉ። እኛም ሳናውቅ ፈረድን፤ እኔም አብሬ ፈርጃለሁ።»

ሰብሳቢው አልመለሰም፤ ከሌሎቹም ሰማን ያለ እንኳ አልተገኘም። ሊፍቴ የገዛ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ሁሉም በየቤቱ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ታየው።

ከዚያ እታለም መጣች። ደህና አመሻችሁ አለች፤ እንደ ዱሮው። ስም መጥራት ጀመረች፤ እንደ ዱሮው። የነርሷን እናት ጠየቀች፣ ለሰብሳቢው እንኳ ሰላምታ ሰጠች። ሹፌሩ ተራው ሲደርስ፣ ለይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ፣ ሲያጠራቅም የከረመውን ምርጥ ቀልድ አወጣ። ደህና ቀልድ ነበር። ሊፍቴ ወንበሩን ወደ ሬዲዮው ሳበ፤ ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው።

ሬዲዮው ቀጭ አለ። ማሽኑ ባዶውን ቆየ። ከዚያ እንደገና ቀጭ አለና፣ እታለም «ደህና፤ ቀጣዩን እጠራለሁ» አለች። ድምፏ ገና ከሳቅ የወጣ ድምፅ ነበር።

ሊፍቴ ምን እንዳደረገች ገባው። ሳቁ ሲመጣባት ጣቷን ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ አንሥታለች። ማንም አላዘዛትም፤ ሳጥኑ ተጠግኗል፣ ሺህ ጊዜ ብትስቅ ማሽኑ አይሞትም፤ ይህንንም ነግሯታል። ጣቷ ግን ለምዷል። እሱ ነው ያስለመዳት፣ በአንድ እጅ ሙዝ ይዞ። ሌላ ማታም ሰማ፣ ከዚያም ሌላ ማታ፤ ቀልድ ይመጣል፣ ሬዲዮው ቀጭ ይላል፣ ባዶ ይሆናል፣ ትመለሳለች።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልሞተም። ሰብሳቢው በየስብሰባው ይኮራበታል። የእታለምን ሳቅ መስማት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሦስት ፎቅ መውጣት አለበት፤ ከክበቡ ከወንድሟ በቀር እስካሁን የወጣ የለም።